ያልወረደ ማሰሮ

በ1978 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጓድ ወርቅነህ ቢሮው አስጠርቶ ዶርኬን ለእንግዳ የሚያስተዋውቅ ወረቀት እንድጽፍ አዘዘኝ። ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ አለ። እንግዶቹ በየቦታው እየቆሙ እንዲያዩ እያንዳንዱ ነገር ቁጥር ይሰጠው፤ ለእያንዳንዱም አጭር መግለጫ ይጻፍለት።

ዶርኬ ከጂንካ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የምታስኬድ፣ አርባ ቤት እንኳ የማትሞላ የአሪ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች መንደር ናት። ሴቶቹ የቤታቸውን ግድግዳ በነጭ፣ በቀይና በጥቁር አፈር በጣታቸው ይሥላሉ። መግቢያዋ ላይ ከአያቶቻቸው ዘመን የቆየ የተጠረበ ምሰሶ ቆሟል። በጂንካ ገበያ የሚሸጠው ድስትና ገንቦ አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ከከተማው ሰው ግን ዶርኬን በዓይኑ ያየ ጥቂት ነበር። በዙሪያዋ ያሉ ገበሬዎች ከሸክላ ሠሪ ጋር አይበሉም፣ ቤቱም አይገቡም። አብዮቱ ይህን በአዋጅ ከልክሏል። ልማዱ ግን አዋጁን አላነበበም።

እኔ የታሪክ ምሩቅ ነኝ። በ1971 ጂንካ መጥቼ ስድስት ዓመት አስተማርኩና ወደ ባህል ሥራ ተዛወርኩ። ባለቤቴ መሞቱን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እንዴት እንደሞተ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ትእዛዙ አስደሰተኝ ብል አልዋሽም። ለብዙ ጊዜ የምፈልገው ሥራ አልነበረኝም። ይሁን እንጂ ከቢሮው ስወጣ የሚያሳስበኝ ነገር ይዤ ወጣሁ። ወርቅነህ ካድሬ ነው። በዚያ ዘመን ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ወጣቶች ስም የያዘው መዝገብም ያለው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ግድግዳ ሥዕል ምን አሳሰበው? ልወጣ ስል ደግሞ፣ ነገሩን ያሰበበት አይመስልም፣ የቤቶቹን ካርታ እንድሠራና በየቤቱ ማን እንደሚኖር እንድጽፍበት ጨመረ። ለእንግዶቹ መንገድ ለመምረጥ ነው አለ። መንገድ ለመምረጥ የሰው ስም አያስፈልግም፤ ይህን ግን አልነገርኩትም።

አስተርጓሚ ሆኖ የተሰጠኝ ዳርጌ የሚባል የዚያው መንደር ሰው ነበር። የቢሮው ዘበኛ ነው። ዕድሜው አርባ ይሆናል፤ ከአሪኛ ሌላ አማርኛና ሐመርኛ ይናገራል። የወርቅነህን በር የሚጠብቅ ሰው እንዲያስተረጉምልኝ መደረጉ ቅር አሰኘኝ። እሱም የኔን ቦርሳ ሲያይ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ የፈለገ ይመስል ነበር። በመንገድ ላይ ብዙ አናወራም። አንድ ቀን ብቻ፣ ስንት ዓመት እንደ ተማርኩ ጠየቀኝና ስነግረው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ማሰሮ ልትቆጥሪ መጣሽ ብሎ ሳቀብኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉዞዎች ፍሬ ቢስ ነበሩ። ሰዉ ያየኛል እንጂ አይመልስልኝም። አንዱን ሽማግሌ ስሙን ብጠይቀው ሰኞ አንድ ስም፣ ረቡዕ ሌላ ስም ነገረኝ። ስንገባ ወጣት ወንዶች ከደጅ ይጠፋሉ፤ የወናፍ ድምፅ ይቋረጣል፤ ከቀጥቃጩ ቤት ስንደርስ ፍሙ ገና ቀይ ሆኖ ሰው የለበትም። ቀድሞ የጸሎት ቤታቸው የነበረው አዳራሽ ተዘግቶ የገበሬ ማኅበሩ እህል ማከማቻ ሆኗል፤ እዚያም ወረቀት የያዙ ሰዎች መጥተው ቤቱን ከለኩ በኋላ ነው የተዘጋው። ስለዚህ እኔም ወረቀት ይዤ ስመጣ ምን እንዳሰቡ ለመገመት አይከብድም።

ከሸክላ ሠሪዎቹ ሁሉ የምትበልጠው ጤናዬ ናት ተባልኩ። ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭንና ጠንካራ ሴት ነበረች። ስትሠራ ማሰሮው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ አይዞርም፤ እሷ ናት ወገቧን አጥፋ ወደ ኋላ እየተራመደች የምትዞረው። ከድንጋይ መቀመጫዬ ላይ ሆኜ ስለ ሥራዋ ስጠይቃት በአሪኛ ረጅም መልስ ሰጠች። እጇን ታወዛውዛለች፣ ወደ ቆላው ታሳያለች፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሳቀች። ጨረሰችና ዳርጌን ምን አለች አልኩት።

«አላውቅም አለች» አለኝ።

የተናገረችው ያን ብቻ እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። በማስታወሻዬ ላይ ግን «አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጂንካ ገበያ አገኘኋት። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጥግ፣ ከገንቦዎቿ ኋላ ተቀምጣ ከአንዲት የከተማ ሴት ጋር በአማርኛ ትከራከራለች። ሴትየዋ ድስቱ ያፈሳል ትላለች፤ ጤናዬ ደግሞ የሚያፈሰው ድስቱ ሳይሆን ያንቺ እጅ ነው ትላታለች። ሴትየዋ ስትሄድ እኔን አየች። አማርኛ የምትችል መሆኗን ስለ ደበቀችኝ አላፈረችም።

«ዛሬ ዘበኛሽ የት አለ?» አለችኝ።

ብቻዬን መሆኔን ነገርኳት። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ቅር ያለኝ እሷ ስላልነገረችኝ እንዳልሆነ፣ የማውቀው ነገር ስላነሰኝ እንደሆነ አስረዳኋት። ከእያንዳንዱ የዶርኬ ጎጆ አናት ላይ የተደፋውን ማሰሮ አይቼዋለሁ፤ ዝናብ እንዳይገባ የሚደፋ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ግን የአንዱ ካንዱ ለምን ይለያል ብዬ ጠየቅኳት።

ገንቦዎቿን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። ከዚያ ነገረችኝ። አሁን ሳስበው፣ የተማረ ሰው ስለ እጅ ሥራዋ ሲጠይቃት በዕድሜዋ ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ለዚህ ነው ጥንቃቄዋን የረሳችው። ልጅ አግብቶ ቤት ሲሠራ የጉልላቱን ማሰሮ የምትሠራለት እናቱ ናት አለች። እናት ከሌለችው ታላቅ እህቱ። አንገቱ ላይ የምታደርገው ምልክት የሷ ብቻ ነው። ሰውየው ቤቱ በሚገባበት ቀን ማሰሮው ይወጣል። ሰውየው ሲሞት፣ ሬሳው ከደጅ ሳይወጣ፣ ማሰሮው ይወርዳል፤ መቃብሩ ላይ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ቤቱ የልጁ ይሆንና አዲስ ማሰሮ ይወጣለታል፤ ልጅ ከሌለው ጉልላቱ ባዶውን ይቀራል፣ ዝናብ ይገባዋል፣ ይፈርሳል። ማሰሮ ያለው ቤት ሰው ያለው ቤት ነው አለችኝ። ሰውየው ሩቅ አገር ቢሄድም ማሰሮው አለ።

ያን ቀን ማታ ወረቀቱን ጻፍኩ። አንድ፣ የተጠረበው ምሰሶ። ሁለት፣ የግድግዳ ሥዕሎች። ሦስት፣ የቀጥቃጮቹ ቤት። አራት፣ የጉልላት ማሰሮዎች። አራተኛውን ከሁሉ አስበልጬ፣ ከሁሉ አሳምሬ ጻፍኩት። ሰኞ ለወርቅነህ ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ አነበበው፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ጎበዝ አለኝ። ታይፒስቷ ፈቃድ ልትወጣ ስለ ነበር ካርታው እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ በዚያው ቀን በስቴንስል ተባዝቶ አንድ ቅጂ ወደ አርባ ምንጭ ተላከ።

ለካርታው ማክሰኞ ከዳርጌ ጋር ወጣሁ። ከጤናዬ ግቢ ጎን፣ ከእንሰቱ ማዶ፣ በሩ በእንጨት የተወረወረ አንድ ጎጆ ነበር። ሣሩ ገና አዲስ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል አልደበዘዘም። የማን ነው አልኩት።

«የሶርሳ ነበር። የጤናዬ ልጅ። ቀጥቃጭ ነበር» አለኝ። አምና ቢላዋና ደወል ሊሸጥ ወደ ቆላው ገበያ፣ ዲመካ፣ ወርዶ ሲመለስ በደረቁ ወንዝ ውስጥ ደራሽ ውሃ እንደ ወሰደው፣ ሬሳውም እንዳልተገኘ ነገረኝ። ሲናገር ጎጆውን አላየም።

ካርታው ላይ «ሶርሳ፣ ሟች» ብዬ ጻፍኩ። ወደ ጂንካ መንገድ ገባን። ግማሽ መንገድ እንደ ሄድን ቆምኩ። ዳርጌ ምን ሆንሽ አለኝ፤ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ አልኩት።

የሶርሳ ጎጆ አናት ላይ ማሰሮ ነበር። አንገቱ ላይ ያለውን ምልክትም አውቀዋለሁ፤ ገበያ ውስጥ በገንቦዎቿ ላይ ያየሁት የጤናዬ ምልክት ነው። ሶርሳ አልሞተም።

ነገሩ የገባኝ ጫማዬን አውልቄ የሌለውን ጠጠር እያራገፍኩ ሳለ ነው። ሶርሳ ለውትድርና ተጠርቶ ኖሯል፤ እናቱ ሞተ ብላለች፤ መዝገቡን የያዘው ወርቅነህ ራሱ ስሙን ሰርዟል። መንደሩ ሁሉ ጎጆውን እያየ ያውቃል፤ ከመንደሩ ውጭ ያለ ሰው ግን ማሰሮ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም፣ ምክንያቱም ቤታቸው ገብቶ የጠየቀ የለም። ንቀቱ ለሶርሳ መደበቂያ ሆኖት ነበር። እኔ በሁለት ገጽ ላይ አጋለጥኩት፤ አባዝቼም በተንኩት። ያን ጊዜ ከውትድርና የተሰወረ ሰው ሲያዝ ምን እንደሚደረግበት የማያውቅ የለም። የሰወረውም አይቀርለትም።

በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ወጣሁ። ጤናዬ አፈር እየረገጠች ነበር። ያወቅኩትን ሳላድበሰብስ ነገርኳት፤ ወረቀቱ እንደ ወጣ፣ እንግዶቹ ታኅሣሥ አሥር እንደሚመጡ፣ ወርቅነህ ከነሱ ጋር እንደሚሆን። ለአንድ ቀን ብቻ ማሰሮውን እንድታወርደው ለመንኳት።

መርገጧን አላቆመችም። «ማን ላከሽ?» አለች።

ማንም እንዳልላከኝ ነገርኳት።

«ልጄ ሞቷል። ለሁሉም ተናግሬያለሁ።»

«እንግዲያው ማሰሮው ለምን አልወረደም?»

ያን ጊዜ ቆመች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ፊቴ ላይ የምትፈልገው ነገር እንዳለ ያስታውቃል። ያገኘችው አልመሰለኝም።

«አፌ ይዋሻል። አፍ ነው፤ እግዚአብሔርም ያውቀዋል» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እጄ ግን አይዋሽም። ያንን ማሰሮ እኔ ካወረድኩት የገደልኩት እኔ ነኝ።»

አንድ ቀን ብቻ ነው አልኳት። ለአንድ ቀን የሞተ ሰው አይነሳም አለችኝ። ከዚያ ወደ መርገጧ ተመለሰች። ስወጣ ከእንሰቱ አጥር ጀርባ ዳርጌ ቆሞ አየሁት። በሥራ ሰዓት እዚያ ምን እንደሚሠራ አልነገረኝም። እኔም ብቻዬን ለምን እንደ መጣሁ አልነገርኩትም። ሰላም ተባብለን ተላለፍን።

የሶርሳን ቤት ከካርታው ላይ ብሰርዝ ይበልጥ ዓይን ይስባል፤ የቀረኝ ወረቀቱ ነው። ወርቅነህ ዘንድ ገብቼ ጽሑፉ ስለ ረዘመ ቁጥር አራትን ብናወጣው እንደሚሻል ሐሳብ አቀረብኩ። እንግዶቹ ስለሚደክማቸው፣ ጎጆዎቹም ዳገት ላይ ስላሉ አልኩ። እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«ከሁሉ የሚሻለው እኮ እሱ ነው» አለኝ። ቀጥሎም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለምን ይውጣ?»

ስለ ዳገቱና ስለ ድካማቸው ያልኩትን ደገምኩለት። ሌላ ሳይጠይቀኝ ወጣሁ። በሩ ላይ ዳርጌ ቆሟል። የተባባልነውን እንደ ሰማ እርግጠኛ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ አሥር ድረስ፣ ወርቅነህ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታው ረዘም ያለ ይመስለኝ ነበር። ዳርጌ ደግሞ ጭራሽ ሰላም ማለት ተወ።

እንግዶቹ በጠዋት መጡ። ከሜዳው ላይ ከብቶቹ እየተባረሩ ነው አውሮፕላኑ ያረፈው። አራት ናቸው፤ ከወዳጅ አገር የመጡ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ ከነሱም ጋር ከአዲስ አበባ የተላከ አስተርጓሚ። በላንድሮቨር ከዶርኬ በታች እስካለው ጅረት ሄድንና ከዚያ በእግር ወጣን። ወርቅነህ በአንድ እጁ ወረቀቱን፣ በሌላው ካርታዬን ይዟል። ዳርጌ ከፊት ይሄዳል።

ምሰሶው ጋ ቆምን፤ ተናገርኩ። ግድግዳዎቹ ጋ ቆምን፤ ተናገርኩ። አንዲት ሴት ለእንግዶቹ ስትሥል እንድታሳይ ተነግሯት ኖሮ ሦስት ጣቷን ነጭ አፈር ውስጥ ነክራ ግድግዳው ላይ አሳለፈች። እንግዶቹ ፎቶ አነሱ። የቀጥቃጮቹ ቤት ዛሬ ሰው ነበረው፤ ሁለት ሽማግሌዎች። ወርቅነህ ሽማግሌዎቹን አይቶ ጎረምሶቹ የት አሉ ብሎ ዳርጌን ጠየቀው። ዳርጌ ቆላ ለገበያ ወርደዋል አለ። ገበያ የሌለበት ቀን ነበር።

ቁጥር አራት ላይ ስንደርስ ጤናዬ ግቢዋ ውስጥ አንድ ማሰሮ እየዞረች ትሠራለች። ማሰሮዎቹን በየጎጆው አናት ላይ አሳየሁ። ስለ እናቶቹ ምልክት ነገርኳቸው። ስለ ሞት ያለውን ዐረፍተ ነገር ዘለልኩት። ከእንግዶቹ አንዷ ግን የተተረጎመላትን ወረቀት ይዛ ነበርና የቀረውን ለአስተርጓሚው አነበበችለት፤ ባለቤቱ የሞተበት ባዶ ጉልላት የትኛው እንደሆነ እንዳሳያት ጠየቀች። ክፋት የለባትም። ለማየት ነው የመጣችው።

ዳርጌ ከታች ያለ አንድ የፈረሰ ጎጆ አሳያት። ወርቅነህ ግን ዞር አላለም። ካርታዬን እያየ ነበር። ከካርታው ወደ ሶርሳ ጎጆ፣ ከጎጆው ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ ጉልላቱ።

«ጓድ ጥሩብርሃን» አለኝ ስሜን ጠርቶ። «እዚህ ሟች ብለሽ ጽፈሻል።»

«አዎ።»

«እዚህ ደግሞ ሰውየው ሲሞት ማሰሮው ይወርዳል ብለሽ ጽፈሻል።»

አዎ አልኩ። ወደ ጤናዬ ዞረ።

«እማማ፣ ልጅሽ ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

ጤናዬ ወደ ኋላ እየተራመደች መዞሯን ቀጠለች። ግን የማሰሮው ከንፈር ላይ ያረፈው አውራ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ዘልቆ ገባ። እሷ እንደማትመልስ አወቅኩ። በአፏ ትዋሽ ይሆናል፤ ማሰሮው ፊት ለፊት ግን አትዋሽም። ዳርጌ መሬት መሬቱን ያያል። አስተርጓሚው ምን እየተባለ እንደሆነ ለእንግዶቹ ለመንገር አፉን ከፍቶ ተወው።

«ሬሳው ካልተገኘ ማሰሮው አይወርድም» አልኩ።

ወርቅነህ ዞር አለ። «ይህ ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ሳልጽፈው ቀርቼ ነው።»

«የታሪክ ምሩቅ ነሽ። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ሳትጽፊው ትቀሪያለሽ?»

ለዚህ የሚሆን ውሸት አልነበረኝም። ያለኝ እውነት አንድ ብቻ ነበር፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤው የኖርኩት።

«ባሌን አልቀበርኩትም» አልኩት። «አራት ወር ስንቅ አመላለስኩ። በአምስተኛው፣ ከእንግዲህ አታምጪ አሉኝ። ሌላ ነገር አልነገሩኝም። ኮቱ ዛሬም ከቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሏል፤ አላወረድኩትም። ይህቺ ሴት ስትነግረኝ መጻፍ ከበደኝ፤ ለዚህ ነው የተውኩት።»

ድምፄ እንዳልተለወጠ አስታውሳለሁ። ጤናዬ መዞሯን አቆመች።

ወርቅነህ እኔን ትቶ ወደ ዳርጌ ሄደ። እውነት ነው ወይ አለው። ይህን ሰው ወር ሙሉ ጠርጥሬዋለሁ፤ ከአጥር ጀርባ ቆሞ አይቼዋለሁ፤ ከበር ጀርባ እንደ ሰማኝ አምኛለሁ። ዳርጌ ቀና ብሎ የቢሮ ዘበኛ በሚናገርበት ድምፅ ተናገረ።

«ነግረናታል፣ ጓድ። ሁለት ጊዜ ነግረናታል። ሬሳ ሳይገባ ማሰሮ አይወርድም። ጥፋቱ የሷ ነው።»

ወርቅነህ ሁለታችንንም አየን። ያመነ አይመስለኝም። ነገር ግን እንግዶቹ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ነገሩ ደግሞ ከመዝገቡ ጋር አይጋጭም፤ የሶርሳን ስም በገዛ እጁ የሰረዘውም እሱ ነው። ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ከወረቀቱ ግርጌ አንድ መስመር ጻፈ። ከዚያ እንግዶቹን ይዘን ወደ መኪናው ወረድን።

በሳምንቱ ተጠራሁ። የጠየቁኝ ስለ ዶርኬ አልነበረም። ባለቤቴ የት ይሠራ እንደ ነበር፣ በየትኛው ወር እንደ ተወሰደ፣ ጂንካ ስመጣ ይህን ለምን ቅጽ ላይ እንዳልሞላሁ ነበር። ሁሉንም መለስኩ። በጥር ከባህል ሥራ ተነሥቼ ቀይ አፈር በምትባል የገበያ ከተማ አንደኛ ክፍል እንዳስተምር ተመደብኩ። ከመሄዴ በፊት እንደገና የተባዛውን ወረቀት አየሁት። ቁጥር አራት ሥር፣ ሬሳው ያልተገኘ ሰው ማሰሮ እንደማይወርድ በደንብ ተጽፏል።

ቀይ አፈር ስድስት ዓመት ቆየሁ። ሐሙስ ሐሙስ በገበያው መካከል አልፌ ነው ትምህርት ቤት የምሄደው፤ የዶርኬ ሸክላ እዚያ ድረስ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ አንገቱን ዳብሼ የጤናዬን ምልክት እፈልጋለሁ። ስለ ሶርሳ ግን ማንንም አልጠየቅኩም። ያልተጠየቀ ሰው አይናገርም፤ ይህን ተምሬያለሁ።

በ1983 ነሐሴ፣ መንግሥት ከተለወጠ ከሦስት ወር በኋላ፣ ለወረቀት ጉዳይ ጂንካ መጣሁና ወደ ዶርኬ ወጣሁ። ጸሎት ቤቱ ተከፍቷል። ምሰሶው ጋ ዳርጌ ሁለት ፈረንጆችን ሲያስጎበኝ አገኘሁት፤ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ቀስ ብዬ ከኋላቸው ተከተልኳቸው። እኔ የጻፍኩትን ከነቁጥሩ በቃሉ ይዞታል። ቁጥር አራት ላይ ሲደርስ እጁን ወደ ዳገቱ ዘረጋ። በራቸው የተወረወረ ሰባት ጎጆዎች ቆጠርኩ፤ ሁሉም አናታቸው ላይ ማሰሮ አላቸው። ወደ ሰሜን ዘምተው ያልተመለሱ ልጆች ቤቶች ናቸው አለ። እዚህ አገር ሬሳ ካልመጣ እናት ማሰሮ አታወርድም፤ ከጥንት የመጣ ወግ ነው።

ሲያየኝ አልደነገጠም። ራሱን ነቀነቀልኝና ቀጠለ።

ጤናዬ ግቢዋ ውስጥ ነበረች። አርጅታለች፤ አሁን ተቀምጣ ነው የምትሠራው። ከእንሰቱ ማዶ የሶርሳ በር ተከፍቷል። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ወናፍ ይነፋል፤ ትከሻው ላይ የቆላ ሰው የሚያስረው ዓይነት ጨርቅ ጣል አድርጓል። ማን ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«የእህቴ ልጅ ነው» አለችኝ።

ሰውየው ድምፅ ሰምቶ ዞር አለ። አፍንጫው፣ ግንባሩ፣ የዓይኑ አቀማመጥ የሷ ነው። የሷ መሆኑን እንዳየሁ አየች፤ ያለችውን ግን አላስተካከለችም። እኔም የእህትሽ ልጅ ጎበዝ ይመስላል አልኳት።

ስለ ሰባቱ ማሰሮዎች ልጠይቃት ፈለግሁ። ያን ቀን የተናገርኩት ከጭንቀት የፈጠርኩት ነበር፤ ዛሬ እናቶች ልጆቻቸውን እየጠበቁበት ነው። ወይስ ወጉ ከጥንትም ነበረና ገበያ ላይ ሳትነግረኝ ቀረች? ዳርጌስ ያን ቀን ዋሸ ወይስ እውነት ተናገረ? ጠየቅኳት። ወጉ በፊትም ነበር ወይ አልኳት።

ጭቃውን በመዳፏ አለሰለሰችው።

«ነበር» አለች፤ ግን ዓይኔን አላየችም።

ከዚያ ሥራዋን ሳታቆም፣ «ኮቱስ?» አለችኝ።

«አለ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። አጠገቧ ያለውን ድንጋይ በክንዷ ጠርጋ አሳየችኝ፤ ተቀመጥኩ። ከእንሰቱ ማዶ ወናፉ ቀጠለ።